ማጀት የሚቆለፍበት ቤት፦ ከፕራደር-ዊሊ ጋር የሚኖሩ ልጆችና ጎልማሶች በምግብ፣ በገንዘብና በሥራ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን ይዛ እኛ ወደምንሠራበት ጢፓት ሐላቭ መጣች። ልጁ ሲወለድ ሰውነቱ እንደ ጨርቅ የላላ፣ ጡት ለመሳብ አቅም ያልነበረው፣ ሲያለቅስም ድምፁ እምብዛም የማይሰማ ሕፃን ነበር። ከሆስፒታል የወጣው ለሳምንታት በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ ተመግቦ ነው። ያን ቀን ግን ጉንጩ ሞልቶ፣ ክንዱ ወፍሮ ሚዛኑ ላይ ተቀመጠ። እኛም ደስ ብሎን «ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ፤ በዚሁ ቀጥይ» አልናት። አያቱ አብረው ነበሩና እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አመሰገኑ።

ተሳስተን ነበር። ያ ውፍረት የበሽታው ሁለተኛ ምዕራፍ መጀመሪያ ነበር። ልጁ ገና ጨቅላ ሳለ ለዘር ምርመራ ቀጠሮ ተይዞለት ኖሯል። ደብዳቤው በዕብራይስጥ ተጽፎ ቤት ደረሰ፤ የሚያነብላቸው አላገኙምና መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ቤተሰቡ ከተማ ሲቀይር ነገሩ ተረሳ። እኛም ስለ ምርመራው አልጠየቅንም። የበሽታው ስም የታወቀው ልጁ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው፤ ሌሊት ተነሥቶ ለእንጀራ የተቦካ ሊጥ በእጁ እያፈሰ ሲበላ እናቱ ካገኘችው በኋላ።

በሽታው ፕራደር-ዊሊ ይባላል፤ እዚህ አገር ሐኪሞች «ፕራደር-ቪሊ» ይሉታል። በ1956 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ በዙሪክ ከተማ የሚሠሩ ፕራደር፣ ላብሃርትና ዊሊ የተባሉ ሦስት ሐኪሞች ናቸው መጀመሪያ የገለጹት። ብዙ ጊዜ ከ10,000 እስከ 30,000 በሚሆኑ ወሊዶች ውስጥ አንድ ልጅ ላይ ይታያል ይባላል። በማንኛውም ሕዝብ፣ በማንኛውም ቀለም፣ በወንድም በሴትም ይደርሳል።

ምክንያቱን በአጭሩ እንንገራችሁ፤ ወላጆች ሌሊት የሚያሰቃያቸው ጥያቄ እሱ ነውና። ሰው ከአባቱና ከእናቱ እኩል ክሮሞዞም ይወርሳል። በ15ኛው ክሮሞዞም ላይ ግን ከአባት የመጣው ብቻ የሚሠራበት ትንሽ ክፍል አለ። ያ ክፍል ከጎደለ ወይም ከተዘጋ ይህ ሁኔታ ይፈጠራል። ከአሥር ልጆች በሰባት ያህሉ ላይ ቁራጩ በአጋጣሚ ጎድሎ ነው የሚገኘው። አባት የሠራው፣ እናት በእርግዝና የበላችው ወይም ያልበላችው ነገር አይደለም። ዘር ቆጥረው፣ ሰባት ቤት ጠብቀው የተጋቡ ወላጆች ላይም ይደርሳል፤ ከሥጋ ዝምድና ጋር አይያያዝም። ዓይን የበላውም አይደለም። የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። በአብዛኛው ቀጥሎ የሚወለደው ልጅ ላይ የመደገሙ ዕድል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ጥቂት ቤተሰቦች ላይ ግን ከፍ ሊል ስለሚችል ሌላ ልጅ የምታስቡ ከሆነ በኩፓት ሆሊም በኩል የዘር ምክር ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በአንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ፤ ረሃብና ጥጋብን፣ እንቅልፍን፣ የሰውነት ሙቀትን፣ ዕድገትን የሚቆጣጠር። ፕራደር-ዊሊ ባለበት ሰው ላይ «ጠገብኩ» የሚለው መልእክት አይደርስም። እኛ ሁለት እንጀራ በልተን እጃችንን እንታጠባለን፤ እሱ አራት በልቶም ረሃቡ እንዳለ ነው። በዚያ ላይ ጡንቻው አነስተኛ ስለሆነ ሰውነቱ የሚፈልገው ምግብ ከእኩዮቹ ያንሳል፤ ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 80 በመቶ ያህሉ ይበቃዋል። ስለዚህ «እንደ ወንድሞቹ ይብላ» ማለት እንኳ ያወፍረዋል። ረሃቡ የሚጠናው ባብዛኛው ከሁለት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው፤ ከዚያም አብሮት ይኖራል። ትምህርት፣ ምክር፣ ቁጣ፣ ዱላ አያጠፋውም።

እንግዲህ በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሰው ቤታችን ሲገባ መጀመሪያ የምንለው «ብላ» ነው። ፍቅራችን በጉርሻ ነው። ቡና ሲፈላ ቆሎውና ዳቦው ይቀርባል፤ ሕፃን ካለፈ ቁራሽ ሳይይዝ አያልፍም። ለአንድ አያት የልጅ ልጃቸው «እራበኝ» እያለ ቆሞ ዝም ማለት ከባድ ፈተና ነው። በዚያ ቤት የሆነውም ይኸው ነበር። እናቲቱ በማጀቱ በር ላይ ቁልፍ ስታስገጥም ጎረቤት «ልጇን በረሃብ ትቀጣለች» ብሎ አወራ። አያት ተቆጡ፤ ለሰንበት ከተጋገረው ዳቦ እየቆረሱ በነጠላቸው ሥር ደብቀው ይሰጡት ጀመር። ልጁ በየቀኑ አያቱን እየተከተለ፣ ነጠላቸውን እየጎተተ፣ ካልሰጡት መሬት ላይ እየተንከባለለ ይጮህ ጀመር። እናትየው ስታለቅስ ወደ እኛ መጣች።

እኛም ቤታቸው ሄደን ከአያት ጋር ለብቻችን ተቀመጥን። «እማማ፣ ቁራሿ አታጠግበውም፤ ነገ ትገኝ ይሆን እያለ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስብ ያድራል» አልናቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ እኔ ምን ልስጠው?» ብለው ጠየቁ። ዛሬ የማጀቱ ቁልፍ የሚገኘው በእሳቸው መቀነት ላይ ተቋጥሮ ነው። ልጁ ከሰው ሁሉ በላይ እሳቸውን ያምናል፤ ምክንያቱም ምሳ በሰዓቱ የሚመጣው ከእሳቸው እጅ ነው።

ከዚህ በሽታ ጋር የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚሉት ይህንኑ ነው። ልጁ ምን እንደሚበላና መቼ እንደሚበላ በእርግጥ ካወቀ፣ ከዚያ ውጭ ምግብ የሚገኝበት ቀዳዳ እንደሌለ ካወቀ፣ የተባለውም ሳይጓደል ከቀረበለት ልቡ ያርፋል። መቆለፍ ለእሱ ዕረፍት ነው። ብዙ ጎልማሶች ራሳቸው «ቁልፉን አድርጉልኝ» ይላሉ። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንንገራችሁ፦ የሚቆለፈው ምግቡ ነው፤ ልጁን ክፍል ውስጥ መቆለፍ ፈጽሞ አይገባም።

ስትቆልፉ ማቀዝቀዣውን ብቻ አትቁጠሩ። ሞሰቡ፣ የዱቄቱ ከረጢት፣ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ፍሪዘር፣ የቆሻሻ መጣያው፣ የውሻው ምግብ፣ የእንግዳ ቦርሳ፣ የአያት የስኳር ሕመም ከረሜላ፣ መድኃኒቶች ሁሉ ይቆጠራሉ። በቁጥር የሚከፈት ቁልፍ ከገዛችሁ እጃችሁን ከልላችሁ ክፈቱ። እነዚህ ልጆች ትምህርት ሊከብዳቸው ይችላል፤ ብዙዎቹ ግን ዓይናቸው ስል ነው፤ የተቆራረጠ ሥዕል መገጣጠም ላይ እኛን ያሸንፉናል። አንድ ጊዜ ያዩትን አራት ቁጥር አይረሱም። እኛ በቁልፍ የሚከፈተውን እንመርጣለን።

የምግቡን ዝርዝር ጽፋችሁ ወይም በሥዕል አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የሚቀርበው በሳህን ተለክቶ ይሁን፤ ከአንድ ትሪ አብሮ መብላት ለዚህ ልጅ ፈተና ነው፤ ማን ስንት እንደጎረሰ ሲቆጥር ይውላል። ሰዓቱንም ተስማሙበት። ይህ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ በአንድ ቤት ግን አያት «ምሳ በሰባት ሰዓት» ሲሉ እናት በዚህ አገር አቆጣጠር «በአንድ ሰዓት» ትል ነበር፤ ልጁ ሁለት ምሳ እንዳለ አምኖ በየቀኑ ጠብ ይነሣ ነበር። አንዱን አቆጣጠር ምረጡ።

ቡና ሲፈላስ? ልጁን ከሰው አታርቁት። ሥራ ስጡት፤ ሲኒ ያቅርብ፣ ቄጤማ ይጎዝጉዝ፣ እንግዳ ይቀበል። ቁርሱ ግን ከተለመደው ያነሰና በሰው ልክ የተመደበ ይሁን። እንግዳ ጉርሻ ሲዘረጋ «ሐኪም ከልክሎታል» ማለት ይበቃል፤ በእኛ ዘንድ ሐኪም የከለከለውን ደፍሮ የሚሰጥ ጥቂት ነው። ለስግድ ወደ ኢየሩሳሌም ስትሄዱ፣ ሠርግ ወይም ለቅሶ ቤት ስትሄዱ፣ ምን እንደሚበላ ከዋዜማው ንገሩት፤ ከጎኑ የሚቆም አንድ ሰው መድቡ። «ሁላችንም እናየዋለን» ከተባለ ማንም አያየውም። ስለ ጾም ደግሞ አስቀድማችሁ ሐኪሙንና የሃይማኖት አባታችሁን ጠይቁ።

ምግብ ሰርቆ ብታገኙት «ሌባ» አትበሉት። ቁልፉን ማን ክፍት እንደተወው ጠይቁ። ምግብን ሽልማትም ቅጣትም አታድርጉት።

የገንዘቡ ነገር ከማጀቱ አይተናነስም። ልጁ ከፍ ሲል ማኮሌት ብቻውን ይደርሳል። ባለ ሱቁ ቤተሰቡን ስለሚያውቅ በዱቤ ይሰጠዋል፤ በወር መጨረሻ እናት የማታውቀው ዕዳ ይቆያታል። ሄዳችሁ በግልጽ ንገሩት፦ «ያለ እኔ ቃል ምንም አትስጠው፤ ዕዳውን አልከፍልም።» በጽሑፍ ብትሰጡት ይበልጥ ጥሩ ነው። ክሬዲት ካርድ የተያያዘበት ስልክ በእጁ አይግባ፤ ዛሬ ፒዛ በሁለት ንክኪ በር ድረስ ይመጣል። ዕቃ ስትገዙ ከ2020 ጀምሮ በማሸጊያ ላይ የሚለጠፈውን ቀይ ምልክት ተመልከቱ፤ ስኳር፣ ሶዲየም ወይም ጮማ ስብ መብዛቱን ይነግራችኋል። ማክሻ ሻይና እንክብል በሬዲዮ ሲተዋወቅ ሰምታችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ፤ የጥጋቡን መልእክት አይመልሱትም።

ወደ ሕክምናው እንለፍ። የዕድገት ሆርሞን መርፌ በልጅነት ሲጀመር ቁመትን ብቻ ሳይሆን ጡንቻንና ጉልበትን ይረዳል፤ ከመጀመሩ በፊት የእንቅልፍ ምርመራ ይደረጋል፤ እነዚህ ልጆች ሌሊት ትንፋሻቸው ሊቋረጥ ይችላልና። የጀርባ አጥንት መጣመም በየጊዜው ይታያል። በማርች 2025 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ዲያዞክሳይድ ኮሊን የተባለ እንክብል ለዚህ ረሃብ ከ4 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ፈቅዷል፤ የደም ስኳር ከፍ ሊያደርግና ውኃ በሰውነት ሊያጠራቅም ስለሚችል በሐኪም ክትትል የሚወሰድ ነው፤ ማጀቱን አስከፍቶ የሚያስቀምጥ ፈውስም አይደለም። በኢየሩሳሌም በሻዓሬ ጼዴቅ ሆስፒታል ለፕራደር-ዊሊ የተቋቋመ፣ የተለያዩ ባለሙያዎች አንድ ላይ የሚያዩበት ክሊኒክ አለ፤ ሪፈራል እንዲጻፍላችሁ የቤተሰብ ሐኪማችሁን ጠይቁ። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ለሕመምተኛው በሚገባው ቋንቋ አገልግሎቱን ማመቻቸት አለባቸው። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የልጁን ታናሽ እህት አስተርጓሚ አታድርጓት።

ይህን አንቀጽ ግን ቆርጣችሁ አስቀምጡት። ፕራደር-ዊሊ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ አያስመልሰውም፣ ሕመምም ቶሎ አይሰማውም፣ በሽታ ይዞት ትኩሳት ላይታይበት ይችላል። የተሰበረ እግር ይዞ የሚራመድ አለ። ስለዚህ ካስመለሰው፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ወይም ሁሌ የሚበላው ልጅ «አልበላም» ካለ በቤት ውስጥ አትጠብቁ። ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ ከበላ ጨጓራው ሊቀደድ ይችላል፤ ለሞት ያደርሳል። ወደ ሚዩን ውሰዱት ወይም 101 ደውሉ። ሐኪሙ በዕብራይስጥ የጻፈው አጭር ደብዳቤ በቦርሳችሁ ይኑር፤ ተረኛው ሐኪም በሽታውን ላያውቀው ይችላል።

አሁን ልጆቹ ያድጋሉ። ወደ ሥራው ጉዳይ ስንመጣ የምናነሣው ዛሬ 26 ዓመት የሆነውን ሌላ ወጣት ነው። ትምህርት ሲጨርስ አንድ ደግ ሰው በአንድ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ የሚያስተካክልበት ሥራ አገኘለት። ቤተሰቡ ደስ አላቸው። በሁለተኛው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ አባትየውን ጠርቶ «ልጅህ ይሰርቃል» አላቸው፤ ፖሊስ እጠራለሁ ብሎም አስፈራራ። አባት በማኅበረሰቡ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም። ሰው የውኃ ጥም አቃጥሎት ምንጭ ዳር አስቀምጠውት «አትጠጣ» እንደማለት ነው።

ዛሬ ያው ወጣት ብሎኖችና የቧንቧ ዕቃዎች እየቆጠሩ በሚያሽጉበት መጋዘን ይሠራል። ቆጠራው አይሳሳትም። ነገር በሥርዓት መቀመጡ፣ ነገም እንደ ዛሬ መሆኑ ለእሱ ደስታ ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የድጋፍ ሥራ ሠራተኛዋ ሁለት ሳምንት ከጎኑ ቆመች። ከእርሷ ጋር የተያዙት ጉዳዮች ለማንኛውም ቤተሰብ ይጠቅማሉ። የሠራተኞች ማረፊያ ውስጥ የብስኩት ማሽን አለ ወይ? ሠራተኞች ምሳቸውን የት ያስቀምጣሉ? የልደት ኬክ ሲመጣ ምን ይደረጋል? አውቶቡሱ የሚቆመው ዳቦ ቤት ፊት ለፊት ነው ወይ? በዚያ ቦታ መልሱ አዎን ነበር፤ ስለዚህ አንድ ፌርማታ አልፎ ይወርዳል፤ የሥራ ባልደረባ እዚያ ይጠብቀዋል። ምሳው ከቤት ታሽጎ መጥቶ ኃላፊው ዘንድ ይቀመጣል። ፀሐይ ላይ የሚያውል ሥራም አይመረጥም፤ ሰውነታቸው ሙቀትን በደንብ አይቆጣጠርም። ድንገት ፕሮግራም ሲቀየር ሊቆጣ፣ ቆዳውን እስኪደማ ሊቧጭር ይችላል፤ ኃላፊው ለውጡን ቀድሞ እንዲነግረው ተስማምተዋል።

በሕጉ በኩል። የአካል ጉዳተኞች የእኩልነት መብት ሕግ ከ1998 ጀምሮ አለ፤ ቀጣሪ ለሠራተኛው ተገቢ ማመቻቸት ማድረግ አለበት። በመደበኛ ሥራ ቦታ ቀጣሪ በራሱ ፈቃድ ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች መክፈል አይችልም፤ የሥራ ችሎታው በሚመለከተው የመንግሥት አካል ተገምግሞ ሲወሰን ብቻ ነው። በማፋል ሙጋን ውስጥ ግን የክፍያው ሁኔታ ሌላ ነው፤ ከመፈረም በፊት «ይህ ደመወዝ ነው ወይስ ሌላ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ወላጆች «ከሠራ ቂትስባው ይቋረጣል» ብለው ልጃቸውን ቤት ያስቀምጣሉ። ከ2009 ጀምሮ የላሮን ሕግ የሚባለው አለ፤ የአካል ጉዳት አበል የሚያገኝ ሰው ሠርቶ ሲያገኝ ደመወዙና አበሉ ተደምሮ ከአበሉ ብቻ የሚበልጥ እንዲሆን የተሠራ ነው። ለእርሱ የሚደርሰውን ሂሳብ በቢቱዋህ ሌኡሚ፣ በ*6050 ደውላችሁ አስቆጥሩ።

ከ18 ዓመት በታች ላለው ልጅ ከ91 ቀን ዕድሜው ጀምሮ የአካል ጉዳተኛ ልጅ አበል መጠየቅ ይቻላል። አትዘግዩ፤ ወደ ኋላ ቢከፈል ከ12 ወር አያልፍም። በወዓዳው ፊት ደግሞ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ሐኪሙ «ልጁ እንዴት ነው?» ሲላችሁ እኛ በለመድነው «ተመስገን፣ ደህና ነው» አትበሉ። እዚያ ቃላችሁ ይጻፋል። ከወዓዳው በፊት ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ማስታወሻ ያዙ፦ ስንት ጊዜ ሌሊት ተነሣ፣ ማን ከጎኑ አደረ፣ ምን ምግብ ጠፋ፣ ስንት ጊዜ ከጋን ወይም ከትምህርት ቤት ደወሉ። ያንን ይዛችሁ ግቡ።

18 ሲሞላው አበሉ በስሙ ይሆናል፤ ባንክም ካርድ ይሰጠዋል። አንድ ቤተሰብ የወሩ አበል በአራት ቀን በኪዮስክ ሲያልቅ ነው የባነኑት። ከልደቱ ስድስት ወር ቀደም ብላችሁ ከሪቫሃዋ ኦቬዴት ሶሻሊት ጋር ተቀመጡ። አበሉን የሚረከብ ሰው በቢቱዋህ ሌኡሚ በኩል ማስመደብ ይቻላል። አፖትሮፖስ ብቸኛው መንገድ አይደለም፤ በ2016 የተሻሻለው ሕግ ሰውዬው ራሱ እየወሰነ አጠገቡ ሆኖ የሚያግዘው ደጋፊ እንዲሾምለት ይፈቅዳል። በዚህ በሽታ የምግብና የገንዘብ ውሳኔ ጥብቅ ጥበቃ ስለሚፈልግ የትኛው እንደሚሻል በቤተሰብ ተመካከሩበት፤ እኛ አንዱን መልስ ለሁሉም አንሰጥም። ስለ ሆስቴልም እንዲሁ። «ልጄን ለሰው አልሰጥም» የሚሉ ወላጆች ልባቸውን እናውቀዋለን፤ ነገር ግን እናንተ ሰባ ዓመት ሲሞላችሁ እሱ አርባ ይሞላዋል። አይታችሁ፣ ማጀቱ እንዴት እንደሚጠበቅ ጠይቃችሁ፣ ሰንበትን ቤት እንዲያሳልፍ ተስማምታችሁ መጀመር ይቻላል።

ያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ባለፈው ወር ከአያቱ ጋር ጣቢያችን መጥቶ ነበር። ራሱ ጫማውን አውልቆ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ክብደቱ ካለፈው ጊዜ ሁለት መቶ ግራም ቀንሷል። ቁጥሩን ጻፍንና ለአያቱ አሳየናቸው። እሱ ግን ወደ ግድግዳው ሰዓት እየተመለከተ ነበር፤ «አያቴ፣ ምሳ መቼ ነው?» አለ። «ገና አርባ ደቂቃ አለ፤ ዛሬ ምስር ነው» አሉት። «ምስር ነው» ብሎ ጫማውን አጠለቀ።